ግልባጭ

እኛ ቤት ልጅ ሲወለድ፣ ቀድሞ የሚታየው እጁ ነው፤
ጣቱ ዘለግ ካለ ሠዓሊ፣ አጠር ካለም ቀራጭ ነው።
የእኔን ግን አዋላጇ ገልጣ አየችና ዝም አለች፤
ቆይታ፣ "ግራዋን ጨብጣለች።"

ስሜን ረቂቅ ብለው አወጡ፤ እንደ ስሜም ረቂቅ ቀረሁ፣
ሌላው ሁሉ በየተራው ሲጸድቅ እያየሁ።

አባቴ ጋሽ ዘርጋው፣ የፒያሳ ታፔላ ሁሉ፣
ኬክ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ዘውድ የደፋው በፊደሉ።
እናቴ የቀሚስ ጥበብ በመርፌ ታዘንባለች፣
ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ነገር የጨረሰች ትመስላለች።
ወንድሜ ውብአየሁ ደግሞ፣ ከአሮጌ በርና መስኮት
ፈረስ ያወጣል፣ አንበሳ፣ አንዳንዴም የሞተ ጎረቤት።

እኔስ?
ብሩሽ ሲሰጡኝ አለቀስኩ፣ ቀለሙ በክርኔ ፈስሶ፤
መርፌ ሲሰጡኝ ደማሁ፤ መሮ ሲሰጡኝ፣
የውብአየሁን ፈረስ አንድ እግሩን ቆረጥኩት፣
ቀረ በሦስቱ አነክሶ።

ፊደል ስቆጥርማ ባሰ። በግራዬ፣ ከቀኝ ጀምሬ፣
ረ ፊቱን ያዞርብኛል፣ ቸ ጀርባውን ይሰጠኛል፤
አባቴም መሰላል ላይ ሆኖ፣ "ይቺ ልጅ" ይላል፣ "ዛሬ
ታፔላ ብትጽፍልኝ፣ ደንበኛ የሚያነበው
ከሱቁ ውስጥ ቆሞ ነው!"
ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

እንግዳ መጥቶ፣ "ይቺስ ምን ትሠራለች?" ሲል፣
"እሷማ የእግር ናት" ይሉታል፤ አኳራጅ ታመጣለች፣
ክር ታመጣለች፣ ብርጭቆ ወረቀት ታመጣለች፣
ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ዶሮ ማነቂያ ስትል ትውላለች።

እውነታቸውን ነው።
በእግሬ መጣ።

ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ዋለ፤
አባቴ ያንዱን ሥጋ ቤት ታፔላ ወለል ላይ አንጋሎ፣
ነጩን ሁለቴ ለቅልቆ፣ እስኪደርቅ ገደም አለ።
እኔ ከዝናብ ገባሁ፣ አኳራጁን በጉያዬ፤
የቀዩን ጣሳ አላየሁም፤ ረገጥኩት፣ ተደፋ፤
ስንገዳገድ በነጩ ላይ፣ በግራ እግሬ ሦስት ጊዜ፣
ወይ ጉዴ፣ ወይ ዕዳዬ!

ነጠላ ጫማዬ ሥር፣ ሻወር ቤት እንዳይለወጥ፣
በጋለ ምስማር የጫርኩት፣ እንደ እጄ የዞረው ረ፣
በቀዩ መሀል ነጭ ሆኖ፣ ፊቱን አቅንቶ ነበረ።
ረ።
ረ።
ረ።
አባቴ ነቃ፤ አየ፤ "ኧረ!" አለ፤ ሌላ አልጨመረ።

ያን ሌሊት የወንድሜን ትንሿን መሮ ሰረቅኩ።
ቀለም ይፈስሳል፣ ክር ይተበተባል፣ እንጨት ያኮርፋል፤
ጎማ ግን ትንሽ ይግደረደርና እሺ ይላል።
የቆረጥኩት ዝም ይላል፣ የተውኩት ይናገራል፤
ግራ ገብቷታል ሲሉኝ የኖሩት፣ በግራ ገብቼ
እንዲህ ያለ በር ይኖራል ብለው መች አሰቡ?

ሳምንት ሳይሞላ እኛ ቤት ጫማ ጠፋ።
እናቴ ባንድ እግሯ እያነከሰች ግቢውን ታስሳለች፤
የሷ ግራ ጫማ ላይ፣ ክር የሚበጥስ ጥርሷ አለ።
ለውብአየሁ በራሱ ጫማ ፈረሱን ቀረጽኩለት፤
አራት እግር አድርጌ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
ዕዳዬን እንዲህ ከፈልኩ።

ጠ ግን፣ ዐ ግን ቢገለብጧቸውም ያው ናቸው፤
የእናቴን ጥልፍ ይመስላሉ፣ ጀርባውም ፊት የሆነውን።

ዛሬ ፒያሳ ታፔላው እየወረደ፣ ግድግዳውም አብሮ፣
አባቴ እጁ ይንቀጠቀጣል። ማታ ማታ በርጩማው ላይ
"የኬክ ቤቱ ኬ" ይለኛል፣ "ቀለበቷ ወፈር ትላለች፣
አንገቷን አትቸኩዪባት።"
እኔም በጎማ እገለብጣታለሁ፤ ተሳቢያዬ ውስጥ
የተሻረ መንገድ ሙሉ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል፤
ቀለም ሲነካው ይዞራል።

ያቺ የሥጋ ቤት ታፔላ ከበራችን በላይ አለች፤
ባለሥጋ ቤቱ አልወሰዳትም፣ አባቴም አልቀባት።

ግልባጭ፦
ለአባቴ፤
ለእናቴ፣ ጫማዋ ይገዛላታል፤
ለአዋላጇም፣ በሕይወት ካለች።